የዳገቱ ጉልበት የት ይገባል? ብስክሌት፣ ጣርማበርና የቁልቁለት ሒሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥራና የጉልበትን ምዕራፍ አስተምሬ ከክፍል ስወጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። ቀኝ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። በዕረፍቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በብስክሌት ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ወጥቶ በማግሥቱ በዚያው መንገድ መመለሱን ነገረኝ።

«መምህር፣ ዳገቱ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ፤ ቁልቁለቱን ግን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረስኩት። የፊት ፍሬኔ ስለማይሠራ የኋላውን ብቻ ይዤ፣ በጣም እንዳልፈጥን፣ በጣምም እንዳልዘገይ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ወረድኩ። ታች ልደርስ ስል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ወርጄ ቸርኬውን ብይዘው መዳፌን ጠበሰኝ። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብለው አስተምረውናል። ታዲያ በዳገቱ ላይ ያፈሰስኩት ጉልበት የት ገባ?»

«ጥቂቱስ መዳፍህ ላይ ነው» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ይሁን እንጂ ጎማው የተነፈሰው ገደል በሚያዋስነው ኩርባ ላይ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን የሚጠይቀኝ ሰው ባልኖረ ነበር። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ በተለይም «መካከለኛውን ያዝኩ» ያለው ነገር ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ የጥንቃቄ ሳይሆን የአደጋ መንገድ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁለቱ በሮች

አማርኛችን ተራራን አቋርጦ የሚያሳልፈውን ጠባብ መተላለፊያ «በር» ይለዋል። በሰሜን ሸዋ ስማቸው በዚህ ቃል ከሚያልቁት መካከል ጣርማበርና አንኮበር በጣም የታወቁት ናቸው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገዱ በአምባው ላይ ቀስ እያለ ከፍ ይልና ከ3100 ሜትር በላይ ከሚገኘው ጣርማበር ይደርሳል። በዚያም በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941) የተቦረቦረው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ይገኛል። ከዋሻው ባሻገር መሬቱ በድንገት ይከዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል ወርዶ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። 45 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ 1800 ሜትር ከፍታ ይወረዳል ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አንኮበርም የተቀመጠችው በዚሁ ግድግዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ከእርሷ በታች ምድሩ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል።

ይህ ግድግዳ እንዲሁ የቆመ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ተደራርቦ ሰፊውን አምባ ሠራ። በኋላም ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት የአፋር ወገን ቁልቁል ሰመጠ፤ የሸዋ ወገን ከፍ ብሎ ቀረ። የጂኦሎጂ ሊቃውንት በኢትዮጵያ አምባ ላይ ከሚገኙት የባዛልት ንብብሮች አንዱን በጣርማበር ስም ይጠሩታል። በሩ የውኃ ድንበርም ነው። ከምዕራቡ ወገን የወደቀ የዝናብ ጠብታ እንደ በሬሳ ባሉ ወንዞች ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። በምሥራቁ ወገን የወደቀው ግን ወደ አዋሽ ወርዶ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር ምድር ባለው አቤ ሐይቅ ጉዞው ያበቃል።

የዚህን ግድግዳ ዋጋ ቀደምት ነጋዴዎች ያለ ቀመር ያውቁት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ተነሥተው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የሚመጡ ቅፍለቶች ግመሎቻቸውን ከግርጌው አስቀርተው ጭነቱን በበቅሎና በሰው ሸክም ያወጡ ነበር። ለሜዳው የሚስማማው ለዳገቱ አይስማማምና። ብስክሌተኛ ማርሽ ሲቀይር የሚያደርገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የዳገቱ ሒሳብ

በዚህ ጽሑፍ «ኃይል» ስንል መግፋትን ወይም መሳብን፣ «ጉልበት» ስንል ሥራ የመሥራት ችሎታን ማለታችን ነው። ኃይል በኒውተን፣ ጉልበት በጁል ይለካል፤ በአንድ ሴኮንድ የሚወጣው የጉልበት መጠን ደግሞ በዋት ይገለጻል።

ጋላቢውን 60 ኪሎ ግራም፣ ብስክሌቱንና ስንቁን 30 ኪሎ ግራም እናድርጋቸው፤ ድምሩ 90 ነው። ይህን መጠነ ቁስ 1800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት 90 በ9.8 በ1800 ሲባዛ፣ 1 ሚሊዮን 588 ሺህ ጁል ያህል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው የመንገዱ ርዝመት በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱን ነው። እግረኛ በአቋራጩ ቢወጣ፣ መኪና በጥምዝምዙ ቢወጣ፣ ለአንድ ኪሎ ግራም የሚከፈለው የከፍታ ዋጋ አንድ ነው። ጥምዝምዙ የሚቀንሰው ጉልበቱን ሳይሆን ኃይሉን ነው፤ መንገዱ በረዘመ መጠን በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው መግፋት ይቀንሳል።

የጎማው ሰበቃና የአየሩ መቋቋም ሲታከሉበት ድምሩ 1 ሚሊዮን 860 ሺህ ጁል ገደማ ይደርሳል። የሰው ጡንቻ ደግሞ ከምግብ ከሚያገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ሙቀት ይሆናል፤ ዳገት ላይ የሚያልበንም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጋላቢው 1800 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ምግብ ያቃጥላል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። የጣርማበር ዳገት ዋጋ በመንገደኛ ቋንቋ ሲነገር ግማሽ ኪሎ በሶ ነው።

ጊዜውስ? ጤናማ ወጣት ለረጅም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለው 100 ዋት ገደማ ነው እንበል። አማካዩ የመንገዱ ተዳፋት 4 በመቶ ቢሆንም ከዚያ የሚበልጡ ቦታዎች አሉ። በ6 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ የስበትና የሰበቃ ኃይል ተደምሮ 58 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። 100 ዋት ለ58 ኒውተን ሲካፈል በሴኮንድ 1.7 ሜትር፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከእግረኛ ብዙም አይርቅም።

«ቀስ በቀስ…»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የማርሽን ፊዚክስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጸዋል። ማርሽ ጉልበት አይጨምርም፤ በትንሽ ኃይልና በብዙ ዙር፣ ወይም በብዙ ኃይልና በትንሽ ዙር መካከል እንድንመርጥ ያስችለናል።

ከላይ ባልነው ፍጥነት የሚጓዝ ብስክሌት ጎማው በደቂቃ 48 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከፊት 22 ጥርስ፣ ከኋላ 28 ጥርስ ያለውን ማርሽ የያዘ ጋላቢ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል እያዞረ፣ በአማካይ 90 ኒውተን፣ ማለትም የ9 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይረግጣል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ባለው ማርሽ በሌለው ተራ ብስክሌት የሚወጣው ግን በደቂቃ 20 ጊዜ ብቻ እያዞረ፣ በአማካይ የ28 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መርገጥ ይኖርበታል። የሁለቱም ዋት እኩል ነው፤ የሁለቱም ጉልበት እኩል ነው። ነገር ግን አንደኛው ጋላቢ ከላይ በልቶ ይተኛል፤ ሁለተኛው ጉልበቱን አሞት መሐል መንገድ ላይ ብስክሌቱን ይገፋል።

ስስ አየር፦ ባላጋራም ወዳጅም

በጣርማበር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከኦክስጅን የሚደርሰንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከፍታውን ያልለመደ ሰው ከፍተኛ የመሥራት አቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በደጋው ተወልዶ ያደገ ሰው ጉዳቱ ይቀልለዋል።

በሌላ በኩል ስስ አየር ለሚያልፍበት አካል መንገድ ይለቃል። በደብረ ብርሃን የአየሩ እፍግታ (በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠነ ቁስ) በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 2240 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ለዚህ ነበር። ደብረ ብርሃን ከሜክሲኮ ሲቲ በ600 ሜትር ትበልጣለች። የእኛም አገር ጋላቢዎች ታሪክ ከዚህ ከፍታ ጋር የተሳሰረ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ይህ የስስ አየር ወዳጅነት ቁልቁለት ላይ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል። ፍሬን ሳይያዝ በ6 በመቶ ቁልቁለት የሚወርድ ብስክሌት ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና የአየሩ መቋቋም ከስበቱ ጋር ሲመጣጠን ይረጋል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠና ጓዝ የጫነ ጋላቢ በባሕር ወለል ቢሆን ኖሮ ይህ ፍጥነት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ከፍታ ግን 51 ይሆናል። በደጋ ላይ አየሩ የሚይዘን በላላ እጅ ነው፤ የቀረውን መያዝ የፍሬናችን ድርሻ ይሆናል።

ጉልበቱ ሲመለስ

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። በዳገቱ የከፈለው 1 ሚሊዮን 588 ሺህ ጁል አልጠፋም። በከፍታ መልክ ተቀምጦ ቆይቷል፤ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይህ ጉልበት 5 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል (በጣርማበር ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው)። ለጎረቤት ሁሉ ቡና የሚያፈላ ሙቀት ነው። ጋላቢው ታች ደርሶ ሲቆም ይህ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ መግባቱ ግድ ነው። ቦታዎቹም ሦስት ናቸው፦ አየሩ፣ የጎማው ሰበቃና ፍሬኑ። የጎማው ድርሻ ጥቂት ስለሆነ ዋናው ጥያቄ አየሩና ፍሬኑ እንዴት ይከፋፈሉታል የሚለው ነው።

በ6 በመቶ ቁልቁለት በአንድ ፍጥነት ለመውረድ ፍሬኑ በየሴኮንዱ ምን ያህል ሙቀት መዋጥ እንዳለበት እንመልከት። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን 130 ዋት ገደማ፣ በ20 ኪሎ ሜትር 220፣ በ30 ኪሎ ሜትር 260፣ በ40 ኪሎ ሜትር 200፣ በ51 ኪሎ ሜትር ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ሲዘገዩ ከፍታው ቀስ ብሎ ስለሚወረድ በሴኮንድ የሚመለሰው ጉልበት ጥቂት ነው። ሲፈጥኑ ብዙ ጉልበት ይመለሳል፤ ነገር ግን አየሩ አብዛኛውን ይቀበላል። በመካከል ግን ጉልበቱ በብዛት ይመለሳል፤ አየሩም ገና እጁን በደንብ አልዘረጋም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ካልኩለስ የተማሩ አንባቢያን ይህ ጫፍ የሚገኘው ፍጥነቱ ያለ ፍሬን ከሚደረስበት ፍጥነት ለሦስት ስኩዌር ሩት ሲካፈል መሆኑን ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። 51 ለ1.73 ሲካፈል 29.5 ነው።

ተማሪው ጥንቃቄ መስሎት የመረጠው ይህንን ፍጥነት ነበር። ሙቀቱም ለሁለት ቸርኬ አልተከፈለለትም። 260 ዋት የልብስ ካውያ ከሚወስደው ሩብ ያህል ነው። ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቸርኬ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 450 ጁል ያህል ይበቃዋል። አየር ባያቀዘቅዘው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ብቻ በ70 ዲግሪ ገደማ ይሞቅ ነበር። አየሩ በእርግጥ ያቀዘቅዘዋል፤ ነገር ግን ቁልቁለቱ የሁለት ደቂቃ ሳይሆን የሰዓት ነው። ቸርኬው ሲግል በጎማው ውስጥ የታፈነው አየር ግፊቱ ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ቢደርስ በሩብ ገደማ ማለት ነው። ጥጋኙን የያዘው ማስቲሽ ይለሰልሳል፤ የፍሬኑም ላስቲክ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የተማሪው የውስጥ ጎማ ሲፈታ በእርግጥም አሮጌው ጥጋኝ ለቅቆ ተገኝቷል።

ታዲያ በ51 ኪሎ ሜትር እንብረር ማለት ነውን? በፍጹም። የመቆሚያ ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥሩ ፍሬን ያለው ጋላቢ በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አደጋ አይቶ እስኪወስን የሚያልፈው አንድ ሴኮንድ ጭምር ተቆጥሮ 15 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በ51 ኪሎ ሜትር ግን 48 ሜትር ያስፈልገዋል። ጣርማበርን የሚያውቅ ሰው ጉሙንም ያውቃል። 20 ሜትር ብቻ በሚያሳይ ጉም ውስጥ የመጀመሪያው ጋላቢ መንገድ ላይ ከተኛች ላም ፊት ይቆማል፤ ሁለተኛው አይቆምም። ቸርኬው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ሸለቆው፦ የተገለበጠ ተራራ

የወንዝ ሸለቆ ከተራራ በር የሚለየው በቅደም ተከተሉ ነው። በር ላይ መጀመሪያ ይከፈላል፣ በኋላ ይመለሳል። ሸለቆ ግን መጀመሪያ ይሰጣል፣ በኋላ ያስከፍላል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ጀማ ወንዝ ለመድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ዳገቱ ይጠብቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድም እንዲሁ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ 1400 ሜትር ገደማ ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ተሳታፊዎችም ይህን ዳገት ሲወጡ ኖረዋል።

ሁለቱ አፋፎች በከፍታ እኩል ቢሆኑ የከፍታ ጉልበቱ ለውጥ ዜሮ ነው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ እግርና ፍሬን ግን ይህን አያምኑም። ቁልቁለቱ የመለሰው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ስለተበተነ ለማዶው ዳገት አንድም ጁል አይተርፍም፤ ሁሉም እንደ አዲስ ከስንቅ ይከፈላል። የአየሩ ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ የሸለቆው ወለል ከአፋፉ በ9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የሰውነት ሙቀት በብዛት የሚፈጠረው ዳገት ሲወጣ ነው፤ ዳገቱም የሚጀምረው ከግለቱ ወለል ነው። በር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል። ያላበው ጋላቢ እርጥብ ልብሱን እንደ ለበሰ በብርዱና በነፋሱ ውስጥ ይወርዳል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን በሚገባ አይጨብጥም። በርኖስና ጋቢ የደጋ ልብስ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሒሳቡ የሚወጣ ምክር

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ጥቂት ነው። ከመነሣት በፊት ሁለቱም ፍሬኖች ይፈተሹ፤ የፊቱ ሳይሠራ ወደ በሩ መውጣት አይገባም። ሲያቆሙ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ በሁለቱም ሲያዝ ሙቀቱም ለሁለት ይካፈላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ለዘብ አድርጎ ሳያቋርጡ መያዝ ቸርኬውን ማጋል ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ በሚታይበት ቦታ አየሩ ድርሻውን እንዲወስድ ለአፍታ ለቀቅ አድርጎ፣ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ኩርባው በበዛበት፣ ጉም ባለበት ወይም ጭነቱ በከበደ ጊዜ ግን በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር መውረድ ይመረጣል። በዚህ ፍጥነት የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ስለሚያንስ በየጊዜው መቆምና ቸርኬው እስኪበርድ ማረፍ ያስፈልጋል፤ መብረዱን ግን በመዳፍ መፈተን አይገባም! ሸለቆ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ዳገቱ በጠዋቱ እንዲጀመር አድርጎ ይነሣ፤ ውኃም ስንቅም ለማዶው ይቆጥብ።

ብስክሌት ለማይጋልቡ አንባቢያንም ነገሩ ይመለከታቸዋል። 20 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚመለሰው ጉልበት ከብስክሌቱ ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ያን ሁሉ ፍሬኑ ብቻ እንዲውጠው ከተደረገ ፍሬኑ ግሎ መያዝ የሚያቆምበት ጊዜ ይመጣል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ዳገቱን በወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሞተሩ ከሸክሙ እንዲካፈል ነው። ሾፌሩ ገና ከአናቱ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ሲያጉረመርም የሰማ ተሳፋሪ መዘግየቱን አይቆጣ፤ የጉልበት ጥበቃ ሕግ በተግባር ላይ እየዋለ ነውና።

ያ ተማሪ ከወራት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በድጋሚ ወጥቶ ወርዷል፤ የፊት ፍሬኑን አሠርቶ፣ ቁልቁለቱን አራት ጊዜ እያረፈ። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አራት ሰዓት ያህል» አለኝ፤ መዳፉንም ዘርግቶ አሳየኝ።